ከገመዶቹ ሥር

የጉዞው 19ኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

እታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? አባባስ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

አዎ፣ ሳጥኑ ደርሶኛል። የጠገንሻቸው አሥራ አንድ ገመዶች ሁሉም ይሠራሉ፤ ያ ሁሌ ስፒከሩን ሲያስጮህብን የኖረው ረጅሙ እንኳ አደብ ገዝቷል። ደብዳቤሽንም እንደ ልማዳችን ገመዶቹን በሙሉ አውጥቼ ከሥር አገኘሁት። አዲሱ የመብራት ባለሙያችን አጠገቤ ቆሞ፣ ከላይ ብታደርገው ምን አለበት ይለኛል። እናታችን ነፍሷን ይማርና፣ አባባ በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ደብዳቤዋን ከሥር ትከተው የነበረው ገመዱን ዘርግተው ሳይጨርሱ የቤት ሐሳብ እንዳይገባቸው ብላ እንደሆነ ነገርኩት። አለቃችን መሆን የነበረባት እሷ ናት አለ። ይህን ሰው ጨረቃ ነው የምንለው። ስሙ የወጣለት ከመብራቱ ይሁን ከራሰ በራነቱ እሱም አያውቅም።

በስልክ ለምን እንደማላጫውትሽ ጠይቀሻል። ስልክ ላይማ «ደህና ነህ? ደህና ነሽ?» ተባብለን እንዘጋለን። ዕቃ እየተጫነ ሰው ምን ያወራል?

ያልሽኝን የሚያበራ ፕላስተር አራት ሮል አድርጌ ልኬልሻለሁ። ቀን ብርሃን ጠጥቶ ሲጨልም አረንጓዴ የሚሆነው ነው። ከአባባ አልጋ እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር ድረስ በየክንዱ የጣት ርዝመት ያህል ለጥፊ፤ መታጠፊያው ላይ ቀስት ሥሪ። አይደነግጡበትም። መድረክ ላይ መብራት ሲጠፋ ሙዚቀኞቹ መንገዳቸውን በዚህ ነው የሚያገኙት፤ አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ሲለጥፉ የኖሩት ነገር ነው።

«ዛሬ የት ነን?» ሲሉሽ ምን ልበላቸው ላልሽው ደግሞ፣ ከእኛ ጋር ጉዞ ላይ ያሉ መስሏቸው ከሆነ አብረውን ይዙሩ፤ ማንን ይጎዳል? ዛሬ ያለንበት ከተማ ሐይቅ አለው በያቸው። የአዳራሹ የኋላ በር ሲከፈት ውሃው ቁጭ ብሎ ይታያል። ጠዋት ስንገባ ማንም አልነበረም። ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ጨረቃ አንዲት መብራት ብቻ አበራና አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወርድ ሁላችንም ዕቃ እንደተሸከምን ቆመን አየነው። ከዚያ ከኋላ አንዱ አስነጠሰና ወደ ሥራችን ገባን።

እጅ ጽሑፌን ታገሺኝ። የምጽፍልሽ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው፤ መንገዱ ያንገጫግጫል። ለጥገና የላክኩልሽ የዘጠኙ ገመዶች ጥቅሎችም በችኮላ የተሠሩ ናቸው፤ አትታዘቢኝ።

ወንድምሽ


የጉዞው 24ኛ ቀን

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? እኔም አባባም ደህና ነን።

ፕላስተሩን እንዳልከኝ ለጠፍኩት። አባባ ቆመው መረመሩትና ማን እንደለጠፈው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ ስላቸው ሁለተኛው ጠሟል አሉና ጎንበስ ብለው ራሳቸው አቃኑት። ከዚያ ወዲህ ሳይጠሩኝ ደርሰው ይመለሳሉ። ሐይቁንም ነገርኳቸው። ሐይቅ አጠገብ ወለሉ እርጥበት ይስባል፣ ገመዱን ከመሬት ከፍ አድርጉት ብለዋል። መልእክቱን አድርሻለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ሳጥን በመጣ ቁጥር ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። እኔ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ እሳቸው ወንበራቸውን ያስጠጋሉ። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ያወጣሉ። ያንተ ዙር ወደ ግራ ይሄዳል፤ ጫፉን አንድ መዳፍ ታስተርፋለህ፤ ማሰሪያውን ሁለቴ ትጠመዝዛለህ። እሳቸው በአውራ ጣታቸው ዳበስ ያደርጉትና «ግራኜ» ይላሉ። ሌላውን ያነሳሉ፤ «ግራኜ»። ፎቶህን ሳሳያቸው ይህ ጎረምሳ የማን ልጅ ነው ይሉኛል። ባለፈው ራስህ በር ላይ ቆመህ የየትኛው ድርጅት ሠራተኛ እንደሆንክ ጠይቀውሃል። ገመዱን ሲነኩ ግን ተሳስተው አያውቁም። አባባ አንተን የሚያውቁበት የቀረው መንገድ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ሄዷል።

በዚህ ሳጥን ውስጥ ያንተ አንድም አልነበረም። ዘጠኙን አወጡ፣ ዘጠኙን መልሰው ከተቱ፣ ክዳኑን ዘጉ። የሌላ ሰው ዕቃ በስህተት መጥቷል፣ መልሽላቸው አሉኝ። እራታቸውንም አልበሉ።

አውቶቡሱ አንዲት ገጽ ሙሉ ከመስመር እስከ መስመር አንገጫገጨህ? ይህን ለሌላ ንገር። ሳጥኑን የሚያመላልሰው ሹፌርም ዓይኑን ከእኔ እያሸሸ ዕቃውን አስቀምጦ እንደ ሌባ ሮጠ። ምን ሆነሃል? ሌላ ጥያቄ የለኝም። አንድ ብቻ አለኝ፤ ጉዞው በስድሳኛው ቀን አሥር ቀን እንደሚያርፍ የሰማሁት ከእሱ ነው። ካንተ አልነበረም መስማት የነበረብኝ?

እህትህ


የጉዞው 31ኛ ቀን፣ ጠዋት

እታለም፣

ይቅርታሽን እለምናለሁ። በመዘግየቴም፣ አባባን በማሳዘኔም።

ነገሩ ቀላል ነው። ሥራ ቀይረውልኛል። አሁን የምውለው አዳራሹ መሀል፣ ድምፁ በሚመጣጠንበት ሚክሰር አጠገብ ነው፤ ገመድ የሚጠቀልሉት ሌሎች ናቸው። ሌላ ምንም የለም። የዚህኛው ሳጥን ጥቅሎች ግን ሰባቱም የእኔ እጅ ናቸው። ቁጭ ብዬ በራሴ ጊዜ የሠራኋቸው ናቸው። ስጫቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

ስለ እረፍቱ ጠይቀሻል። እውነት ነው፣ አሥር ቀን አለ። እኔ ግን ቀጣዮቹን አዳራሾች ቀድሜ ሄጄ ማየት ሳይኖርብኝ አይቀርም። ገና አልለየለትም። ሲለይ እጽፍልሻለሁ።

አባባ ዛሬ የት ነን ካሉሽ ስሟን ለመጥራት በሚያስቸግር ትንሽ ከተማ ነን በያቸው። አንዲት ዋና መንገድ አላት፤ በሁለቱም በኩል ሰዓት ሠሪዎች ተደርድረዋል። ለምን ሁሉም ሰዓት ሠሪ እንደሆኑ ብጠይቅ ማንም የነገረኝ የለም። በየመስኮቱ ሰዓቱ የተለያየ ነው። ጨረቃ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ተራመደና ከአራት ሰዓት ተነስቼ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ፣ ወጣት ሆኛለሁ አለ።

እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አንዳንድ ጠዋት ስነቃ የት እንዳለሁ አላውቅም። መጋረጃው ያው ነው፣ የግድግዳው ቀለም ያው ነው፤ የውሃው ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ ያው ነው። ተኝቼ ከተማዋን ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ እንቢ ትለኛለች። ያኔ አባባን አስባለሁ። እሳቸው በየጠዋቱ የሚሰማቸው ይህ ይሆን? እኔ ተነስቼ መስኮት እከፍትና የሱቅ ጽሑፍ አነባለሁ፤ ወዲያው እመለሳለሁ። እሳቸው የሚያነቡት ምንድን ነው?

ወንድምሽ


የጉዞው 38ኛ ቀን

ወንድሜ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን ለጨረቃ አድርስልኝ። ሰባት ገመድ በማያውቀው እጅ መጠቅለል ቀላል ልፋት አይደለም። ማን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ ካንተ ጋር ተማክሮ እንዲህ ያለ ቂልነት የሚሠራ ሌላ ሰው ግን እስካሁን አልጻፍክልኝም።

አባባ የመጀመሪያውን አንስተው ዳበሱ። አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ከዚያ «ይሄ ቀኝ ነው» አሉ። «ግራኝ ለመምሰል የለፋ ቀኝ። ዙሩን ወደ ግራ አስገድዶታል፤ ገመዱ ግን አልተኛለትም፣ እየታገለው ነው።» ሁለተኛውን አንስተው መሳቅ ጀመሩ። እንዲህ ሲስቁ ካየኋቸው ዓመት ሳይሆን አይቀርም። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው ቆመ።

«ሰው የሌላውን ሰው እጅ ለምን ያስመስላል?» አሉኝ። «ሰውየው ከሌለ ነው። ልጄ ሞቶ ነው የምትደብቁኝ።»

አልሞተም አልኳቸው። ማልኩላቸው። ሰው ሲደብቅም እንዲህ ነው የሚለው አሉኝ። ልክ ናቸው፣ እንዲህ ነው የሚባለው። ኮታቸውን አስወጥተው ለበሱና ወንበራቸውን በሩ አጠገብ አስቀመጡ። ይኸው አራተኛ ቀናቸው ነው፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰው እየጠበቁ ነው። ትላንት ጎረቤቶች እውነት መስሏቸው መጥተው አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ምን ልበላቸው? ወንበር ጨመርኩና ሻይ አፈላሁ። አንተ በሕይወትህ እያለህ እኔ ለሐዘንህ ሻይ አፈላሁ።

ከማን ጋር ነው የምትጫወተው? ከእኔ ጋር ከሆነ እችለዋለሁ፤ እናታችን ታውቀው የነበረውን ያህል ውሸትህን አውቀዋለሁ። እሳቸው ግን አንዲት ነገር ብቻ ነበረቻቸው፤ እሷንም አሳሰትክባቸው። እውነቱን ጻፍልኝ። ምንም ቢሆን ጻፍ። በዚህ ሳጥን ካልመጣ ሌላ ገመድ አትላክልኝ፤ አልጠግንም።

እህትህ


የጉዞው 43ኛ ቀን፣ ቀን

እታለም፣

በቀኝ እጄ ነው የምጽፍልሽ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ በቀኝ እጄ ነው። አውቶቡሱ ምንም አላጠፋም፤ እንዲያውም ቆሞ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ትልቁን የስፒከር ሳጥን ከጭነት መኪናው ስናወርድ መወጣጫው ላይ አመለጠን። እኔ ከታች ነበርኩ። ግራ እጄ ከሳጥኑና ከብረቱ መሀል ቀረ። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና አደረገልኝ። ጣቶቼ አልተቆረጡም፣ አትደንግጪ። ሦስቱ ግን አይታጠፉም። ወደፊትም እንደማይታጠፉ ነግሮኛል። ለዚህ ነው ሚክሰሩ አጠገብ ያስቀመጡኝ። ሹፌሩንም አንደበቱን እንዲይዝ አስምዬው ነበር፤ አትቆጪው።

ለምን ደበቅከኝ ትያለሽ። ሐቁን ልንገርሽ፤ አንቺን አልነበረም የፈራሁት። ባለፈው በር ላይ ቆሜ የየትኛው ድርጅት ሠራተኛ ነህ ሲሉኝ የሆንኩትን አንቺ አላየሽም፤ ወጥ ቤት ነበርሽ። ከዚያ ከጥግ የወደቀ ገመድ አንስቼ ጠቀለልኩ፤ እጄን አዩና ሮጠው አቀፉኝ። ያቺ እጅ ናት የታሰረችው። አሁን ብመጣ በምን ያውቁኛል? አባቴ ፊት እንደ ባዳ ከምቆም፣ ሩቅ ሆኜ ግራኜ ልሁን ብዬ ነው። የጨረቃን ነገር ያሰብኩት እኔ ነኝ። እሱ እየደጋገመ አይሆንም ብሎኝ ነበር።

ሞቷል ማለታቸውን አንብቤ አዳራሹ ወንበር ላይ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። በዚያች ሰዓት ዘፋኟ ድምፅ ትሞክር ነበር፤ ያንኑ አንድ ስንኝ ደጋግማ። ጨረቃ ከላይ ሆኖ ምንም ሳልጠይቀው መብራቱን ከእኔ ላይ አነሳልኝ።

በዚህ ሳጥን ውስጥ አንድ ገመድ ብቻ አለ። እኔ ነኝ የጠቀለልኩት፤ በግራ እጄ፣ በሁለት ጣት። አጭር ገመድ ነው፤ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ቅርጽ የለውም። ይጎዳቸዋል ካልሽ አትስጫቸው፤ ወርውሪው።

ወንድምሽ


የጉዞው 47ኛ ቀን

ወንድምዓለም፣

ሰጠኋቸው።

መጀመሪያ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ እንዳታለቅሺ የሚባል ነገር አትጻፍልኝ፣ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ገመዷን በሩ አጠገብ እንደተቀመጡ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው። ዘለግ ላለ ጊዜ አልነኳትም። አውራ ጣታቸው ማሰሪያውን አገኘው፤ ሁለቴ ተጠምዝዟል። ዙሩን ተከተሉ። አንድ ቦታ ላይ ገመዱ አምልጦህ እንደገና ጀምረሃል አይደል? እዚያ ላይ ቆሙ።

«ይሄ እሱ ነው» አሉ። «እጁን ምን ነክቶት ነው?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ትልቁ ሳጥን ሲወርድ ከታች ሁለት ሰው መቆም አለበት፣ አንድ ሰው ብቻ ማን አቆመ ብለው ተቆጡ። ለአለቃህ የሚነገር ሌላም ብለዋል፤ በደብዳቤ አይጻፍም። ከዚያ ተነሱ። ኮታቸውን አወለቁና መስቀያው ላይ ሰቀሉ፤ ወንበሩን ራሳቸው ወደ ቦታው መለሱ። ጎረቤቶችን አመስግኜ ሸኘሁ። አንዷ «ሞተ የተባለው ተገኘ?» አለችኝ። እጁን ብቻ ነው የታመመው አልኳት።

አሁን እኔም የደበቅኩህን ልንገርህ። አባባ እንዴት ናቸው ብለህ ትጠይቀኛለህ፤ እኔም ስለ ፕላስተርና ስለ ሐይቅ እያወራሁ አልፈዋለሁ። አባባ እኔን ካላወቁኝ ሦስት ወር አልፏል። ይህን ቤት ሆቴል አድርገውታል፤ እኔ የሆቴሉ ባለቤት ነኝ። ጠዋት ጠዋት «እመቤቴ፣ ቁርስዎ ግሩም ነው፤ ክፍሉም ንጹሕ ነው» ይሉኛል። አንድ ቀን ልጆች አሉዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንድ ግራኝ ልጅ አለኝ፣ ጎበዝ ነው አሉኝ። እኔን አላነሱም። እኔ የእሳቸውን ገላ አጥባለሁ፣ አንተ ገመድ ትልካለህ፤ የሚያውቁት አንተን ነው። ቀንቼብሃለሁ። ያን ቃል ከጻፍኩት ወዲህ ትንሽ ቀሎኛል።

ስለዚህ የማይታወቅ ሰው ሆኖ መቆም ምን እንደሆነ ለእኔ አታስተምረኝ። ይቻላል። ቁርስ ይሠራል፣ አልጋ ይነጠፋል፣ ይዋላል። ባያውቁህም ና። እረፍቱ ሊገባ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ያንተን ክፍል ለሌላ እንግዳ አላከራየሁትም።

እህትህ


የጉዞው 72ኛ ቀን፣ ጠዋት

እታለም፣

ሳልሰናበትሽ በመውጣቴ ይቅር በይኝ። ተኝተሽ ነበር። አሥሩን ቀን ሙሉ ስትሮጥ ያየኋትን እህቴን መቀስቀስ አልቻልኩም፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ተኝተሽ ሳይሽ ያቺ ጠዋት የመጀመሪያዋ ነበረች።

በዚያች ጠዋት ምን ተባባላችሁ ብለሽ በስልክ ጠይቀሻል። ሹፌሩ በር ላይ እንደጠበቀኝና ዓይኔ ቀልቶ እንደወጣሁ ነግሮሻል ማለት ነው። ያ ሰው ሚስጥር ይዞ መቆየት የሚችለው ለአንድ ወር ብቻ ነው።

አሥሩን ቀን እንዴት እንደነበርን አይተሻል። «እርስዎ በየትኛው ክፍል ነው ያረፉት?» እያሉ፣ ጨው ያቀብሉኝ እያሉ፣ ምግብ ላይ ወንበር እየሳቡልኝ። አባቴ አንቱ ሲሉኝ መስማት ለመድኩት ማለት አልችልም፤ ግን አንቺ እንዳልሽው ይዋላል። አንድ ጊዜ ገመድ አንስቼ በዚያች በሁለት ጣት እጄ ልጠቀልል ሞከርኩ። አዩኝና ወደ መስኮት ዞሩ። ያኔ በቃ ብዬ ተውኩት። ተስፋ ቆርጬ ነበር።

በመጨረሻዋ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ዕቃዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ስወጣ አባባ በፕላስተሩ ላይ እየተራመዱ መጡ። አረንጓዴዎቹ ምልክቶች ገና አልደበዘዙም ነበር። በግራና በቀኝ ጨለማ ነው፤ እሳቸው መሀሉን ይዘው፣ መድረክ እንደሚወጣ ሰው ቀጥ ብለው ይመጣሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። በእጄ የያዝኩትን የአንቺን ሳጥን አዩ።

«አዲስ ነህ?» አሉኝ።

አንተ አሉኝ እኮ፣ እታለም። አዎ፣ አዲስ ነኝ አልኳቸው።

ሳጥኑን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጡና እኔንም ወለሉ ላይ አስቀመጡኝ፤ እሳቸውም ተቀመጡ። አንድ ገመድ ፈቱ። ግራ እጄን አንስተው አገላብጠው አዩት፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነኳቸው። ምን ሆንክ አላሉም። «ግራህን ሚስማር አድርገው» አሉኝ። «ምንም አታሠራው፣ ይያዝ ብቻ። ሥራውን ለቀኙ ስጠው።» ቀኝ እጄን በእጃቸው ይዘው አንዱን ዙር ወደ ውጭ፣ ቀጣዩን ወደ ውስጥ አዞሩልኝ። ስሳሳት ይፈቱታል። እንደገና። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ መስኮቱ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ነጭ ሆነ። እኔም አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ዓመት የቀረኝ ሰው አባቴ እግር ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ሰባት ዓመቴ ምላሴን አውጥቼ እጠቀልላለሁ።

«እኔ ግራኝ ልጅ አለኝ» አሉኝ በመሀሉ። «እሱን ማስተማር ከባድ ነበር፤ ሁሉን ነገር ገልብጦ ነበር የሚያየው። ካንተ ይልቅ ግን ይፈጥን ነበር።»

እኔ ነኝ እሱ ልላቸው አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። ብናገር ኖሮ ትምህርቱ ይቆም ነበር፤ እንዲቆም አልፈለግኩም። አንድ ቀጥ ያለ ጥቅል ሲወጣልኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና በምልክቶቹ ላይ ተመልሰው ሄደው ተኙ።

አሁን እዚህ በየቀኑ እለማመዳለሁ። ጨረቃ ከላይ መሰላሉ ላይ ሆኖ «አዲሱ!» እያለ ይጠራኛል፤ ስሙ ሊጸናብኝ ነው። በዚህ ሳጥን ውስጥ አሥራ ሁለት ገመድ አለ። ሁሉም የእኔ ናቸው፤ በቀኝ እጄ። ግራኜ ያለበት አንድም የለም፤ አባባ ያን ከፈለጉ አያገኙትም፤ አውቃለሁ። ብቻ ስጫቸውና ምን እንደሚሉ ጻፊልኝ። ምንም ቢሉ እችለዋለሁ።

ወንድምሽ


የጉዞው 79ኛ ቀን

ወንድምዓለም፣

እንዴት ነህ? እጅህስ?

ሳልሰናበት ወጣሁ ላልከው ይቅር ብዬሃለሁ። እውነቱን ለመናገር ተኝቼ አልነበረም፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እዚያው ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ፤ ምን ተባባላችሁ ያልኩህ ካንተው አፍ መስማት ፈልጌ ነው። ብወጣ የሆቴሉ ባለቤት መጣች ብለው ይነሱ ነበርና አልወጣሁም።

ሳጥኑን ከፈትኩ። አባባ ወንበራቸውን አስጠጉ። የመጀመሪያውን አነሱ። እንደፈራሁት «ግራኜ» አላሉም። ሁለተኛውን አነሱ፤ ሦስተኛውን። አሥራ ሁለቱንም ጉልበታቸው ላይ ደረደሩ፤ ጉልበታቸው ያልቻለው መሬት ወረደ። የሌላ ሰው ዕቃ ነው፣ መልሽላቸው ሊሉኝ ነው አልኩ በልቤ።

«ይህን ሰው አላውቀውም» አሉ። አውራ ጣታቸው ዙሩ ላይ ነበር። «ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ክዳኑን አልዘጉም። አንዱን ጥቅል ይዘው ወደ መኝታቸው ሄዱ፤ ከትራሳቸው አጠገብ አስቀምጠውታል። ከፈለግከው ሌላ ግዛ፤ ያን አልመልስልህም።

ሌላም ነገር አደረግኩ፤ ትስቅብኛለህ። እኔ ሃያ ዓመት ገመድ ስጠግን መጠቅለል ተምሬ አላውቅም። እናንተ የመንገድ ሰዎች ናችሁ ብዬ፣ ፈትቼ እሠራለሁ፣ እንደ ልብስ አጣጥፌ እልካለሁ። ትላንት ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አንድ ገመድ አንስቼ መጠቅለል ጀመርኩ። ሆን ብዬ አላበላሸሁትም፤ ማበላሸት አያስፈልገኝም ነበር። ትንሽ ታገሱኝ። ከዚያ ከወንበራቸው ወረዱና የእጅ አንጓዬን ያዙ።

«ቀስ በይ፣ ልጄ» አሉኝ።

ለማንም የሚሉት ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ፖስታ አምጪውንም ልጄ ይሉታል። ቢሆንም ወሰድኩት። እጄን ይዘው አንዱን ወደ ውጭ፣ ቀጣዩን ወደ ውስጥ አዞሩልኝ፤ ስሳሳት ፈቱልኝ። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ «እመቤቴ» አሉኝ፤ ትላንትን አያስታውሱትም። ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ ስቀመጥ «አዲስ ነሽ?» አሉኝ። አዎ፣ አዲስ ነኝ አልኳቸው።

ከሥር የምታገኛት ትንሿ ጥቅል የእኔ ናት። ዙሯ ይዘላል፣ ጫፏም ረዝሟል። እንዳትፈታት።

እህትህ